ስለ ጠላና ስለ አረቄ ሥራ፤ በአርሲ ነገሌ በአንድ ቤት የተደረገ ጉብኝት

«አረቄ» የተባለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲኾን ፍቺው ላብ ማለት ነው። ነገሩን ቀርቦ ላየ ሰው ይህ ስም እንግዳ አይኾንበትም፤ እንፋሎቱ ከሚፈላው ዕቃ ተነሥቶ በቧንቧው ዐልፎ በቀዝቃዛው ማጠራቀሚያ ጠብ ጠብ ሲል፥ በእርሻ ላይ የዋለ ሰው ግንባሩን እንደሚያልበው ያለ ነውና። በአርሲ ነገሌ ግን ላቡ የዕቃው ብቻ አይደለም። ማገዶ ተሸክማ ከደን የምትወርደው ሴት፥ እህሉን ለገበያ የሚያቀርበው ገበሬ፥ ስለ ደኑ ማለቅ የሚጨነቀው ሹም፥ ኹሉም በየድርሻቸው ያልባቸዋል።

ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። በምዕራብ የላንጋኖ፥ የአቢያታና የሻላ ሐይቆች፥ በምሥራቅ ደግሞ የሙኔሳ ደን አሉላት። በዙሪያዋ ስንዴና በቆሎ፥ ገብስም ይመረታል። እህል በቅርብ፥ ማገዶ በቅርብ፥ አውራ መንገድም በደጅ ስለ ኾነላት በአረቄዋ በአገሩ ኹሉ መታወቋ የሚያስደንቅ አይደለም። ከሦስቱ አንዱ ግን፥ ይኸውም ማገዶው፥ ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ሄዷል።

ስለዚሁ ጉዳይ ሦስት የወረዳ ሹማምንት አንድ ማለዳ በሥራቸው ከታወቁ ጠማቂ ቤት ሄዱ። አንደኛው የደን ጥበቃ ኀላፊ ሽማግሌ ነበሩ፤ አረቄ ማውጣት በወረዳው ፈጽሞ ይከልከል የሚል ሐሳባቸውን ከቤታቸው ቈርጠው የመጡ ናቸው። ኹለተኛው ወጣት የእርሻ ባለሙያ፥ ሦስተኛውም የገበያ ጉዳይ ጸሓፊ ነበረ። የቤቱ እመቤት ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፥ ባላቸው ከሞተ በኋላ በዚሁ ሥራ አምስት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። እንግዶቹን በር ላይ ተቀብለው፥

«ማገዶዬን ልትቈጥሩ እንደ መጣችሁ ሰምቻለሁ፤ ቍጠሩ ልጆቼ፥ ከጓሮ ነው። ነገር ግን ሳትቀምሱ እንዳትፈርዱ» አሉ።

ጉብኝቱ የተጀመረው ከጠላው ቤት ነው፤ ሴትዮዋ «ልጁን ከማየት በፊት እናቱን ማየት ይገባል» ብለዋልና። በግድግዳው ሥር አራት ጋኖች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ባዶ ኾኖ አፉን ወደ ታች ደፍቶ የወይራ ጭስ ይጠጣል። ጋን አስቀድሞ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፥ ቀጥሎም በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል። ብዙ ሰው ይህ ነገር ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጭሱ በሸክላው ስንጥቅ ተሸሽጎ የሚቀረውን አኮምጣጭ ነገር የሚያደክም ስለ ኾነ፥ ጠላው የሚቈይበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ገና ውሃ ሳይጨመር በዚህ ሰዓት ነው።

በኹለተኛው ጋን ጥንስሱ ነበረ። ጥንስስ የሚባለው የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና ጥቂት ብቅል በውሃ ተበጥብጦ ኹለት ወይም ሦስት ቀን የሚቀመጠው ነው። በሦስተኛው ላይ የተጋገረ ቂጣ ተቈራርሶ፥ ብቅልና ጌሾም ተጨምሮበት ድፍድፍ ኾኗል፤ ከተቈላ እህል ተፈጭቶ በምጣድ የታመሰውም እንኩሮ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ጆሮውን ወደ ጋኑ አፍ ያስጠጋ ሰው እንደ ዝናብ ጠብታ ያለ ፍንጥቅጥቅታ ይሰማል። ብቅሉ የእህሉን ዱቄትነት ወደ ስኳር ይለውጠዋል፥ እርሾው ደግሞ ስኳሩን በልቶ አልኮልና አየር ያወጣል፤ የሚሰማው ድምፅ የዚህ አየር ነው። የጌሾው ድርሻ መራራነትን መስጠትና ጠላውን ከሚያበላሹት ነገሮች መጠበቅ ነው። አራተኛው ጋን ውሃው ተሞልቶ አፉ ታትሞ የሰነበተ፥ ለመጠጥ የደረሰ ነበር።

ሴትዮዋ ከዚህኛው ቀድተው አስቀድሞ ጥቂት በመዳፋቸው አፍስሰው ቀመሱ፤ ይህም የአሳላፊ ሥርዐት ነው፥ መጠጡ ንጹሕ መኾኑን ቀጂው በራሱ አፍ ይመሰክራል። ከዚያም ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ ዋንጫ ሰጥተው አቀማመሱን ያስተምሩ ጀመር። በመጀመሪያ ማሽተት ይገባል፤ የጭሱ ሽታ ከኋላ እንጂ ከፊት መምጣት የለበትም፤ ከፊት ከመጣ ጋኑ ከመጠን በላይ ታጥኗል ማለት ነው። ቀጥሎ በአፍ ጥቂት ማቈየት ነው። መልካም ጠላ መራራነቱ በምላስ ሥር ተሰምቶ ቶሎ ይሄዳል፤ የሚጐመዝዝና ጥርስን የሚያጠርስ ከኾነ ግን ጥፋቱ የአጥቢዋ ነው። የቀለሙ መጥቈርና መቅላት ከአሻሮው አቈላል የሚመጣ ስለ ኾነ የብርታት ምልክት አይደለም፤ ገበያተኛ ግን ጥቁሩን ብርቱ ነው ብሎ ይገዛል። የጠላ አልኮል ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ነው። ከአተላው ላይ ኹለተኛ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ቅራሪ ደግሞ ከዚህም ያነሰ፥ ለሠራተኛና ለእረኛ ጥም የሚቈርጥ ነው።

ሽማግሌው ሹም ጠላውን ኹለት ጊዜ አስቀዱ። ይህም ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። የወንጌል ሰባኪዎች በትምህርት ቤታቸው መጠጥን በጠቅላላው ሲነቅፉ፥ የሰንበቴውና የጽዋው ማኅበር ደግሞ ያለ ጠላ አይሰበሰብም፤ በኹለቱ መካከል ያደገ ሰው ለጠላ አንድ ሕግ፥ ለአረቄ ሌላ ሕግ ማውጣት ይወዳል።

በጓሮው በኩል የተሰጣው ብቅል ታየ። ገብሱ አንድ ቀን ያህል በውሃ ተነክሮ በቅጠል ተሸፍኖ ሦስት ቀን ገደማ ከቈየ በኋላ ያቈጠቈጠው በፀሓይ ይደርቃል። ቡቃያው ሳይረዝም ካልተሰጣ እህሉ የራሱን ሀብት ራሱ ይበላዋል፤ ስለዚህ ሴትዮዋ በየማለዳው አንዲት ፍሬ በጥፍራቸው ሰንጥቀው ያያሉ። ወጣቱ የእርሻ ባለሙያ እዚህ ላይ የፋብሪካዎቹን ነገር አነሣ። የቅዱስ ጊዮርጊስ የቢራ ፋብሪካ የተመሠረተው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1922 ነው፤ የአሰላ የብቅል ፋብሪካ ደግሞ ሥራ የጀመረው በ1984 ነው። ፋብሪካ የሚገዛው ገብስ ከመቶው 95 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚበቅል፥ ፍሬው እኩል የኾነ፥ የፕሮቲኑም መጠን ከመቶ 12 እጅ ያልበለጠ መኾን አለበት። ገበሬው ለበለጠ ምርት ሲል ናይትሮጅን ያለበትን ማዳበሪያ ከመጠን በላይ፥ በተለይም ዘግይቶ ቢጨምር ፕሮቲኑ ከፍ ይልና ገብሱ ከፋብሪካው በር ይመለሳል። የተመለሰው ገብስ ወዴት ይሄዳል? ሴትዮዋ ሳቁና ወደ ተሰጣው ብቅላቸው አመለከቱ።

የአረቄው ማውጫ ከጓሮ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው። ቀድሞ በሸክላ ጋንና በሸምበቆ ይሠራ የነበረው አሁን በብዙ ቤት በብረት በርሜልና በቧንቧ ይሠራል። በርሜሉ በሦስት ጉልቻ ላይ ተቀምጧል፤ ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥና በጭቃ ተመርጓል፤ ቧንቧውም በውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ዐልፎ በሌላው ጫፍ ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል። ድፍድፉ የጌሾና የብቅል፥ የበቆሎና የስንዴ ቂጣ ኾኖ በዚህ ቤት እንደ አየሩ ሙቀት ከአራት እስከ ስድስት ቀን ይቈያል። በዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይኾን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን በመጀመሪያ የሚወርደው ብርቱው፥ በመጨረሻ የሚወርደው ደካማው ነው።

ወጣቱ ቧንቧውን በእጁ ዳስሶ መጋጠሚያው በምን እንደ ተበየደ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። በአንዳንድ ቤት ከአሮጌ መኪና የወጣ የራዲያተር ቧንቧ ለማቀዝቀዣ ይኾናል፤ እንዲህ ያለው ዕቃ በእርሳስ የተበየደ በመኾኑ እርሳሱ ጥቂት በጥቂት ከአረቄው ጋር ይወርዳል፥ ጣዕሙም አይታወቅም። የዚህ ቤት ቧንቧ ያለ ብየዳ የተጠመዘዘ መዳብ ኾኖ ተገኘ። ስለ ሜታኖልም ተነሥቶ ነበር፤ ከእህል ድፍድፍ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሰውን ዐይኑን የሚያሳውረውና የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ሻጮች ለማብዛት ሲሉ ለኢንዱስትሪ የተሠራውን መርዘኛ አልኮል ሲቀላቅሉበት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከእሳቱ አጠገብ ያለችው ሴት ብቻ ሳትኾን፥ ከእርስዋ ገዝቶ እስከ ጠጪው የሚያደርሰው ኹሉ ነው።

አሁን ዋናው ቀመሳ መጣ። ሴትዮዋ አራት መለኪያዎች ደረደሩ። የመጀመሪያው «ራስ» ብለው የሚጠሩት፥ ቧንቧው ማንጠባጠብ ሲጀምር የወረደው ነው፤ ይህን ለማሽተት እንጂ ለመጠጣት አልሰጡም። አፍንጫን የሚወጋ፥ እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ነው። «ይህ ለራስ ምታት ነው የሚወርደው፤ ከዕቃ በቀር ለምንም አላደርገው» ብለው ወደ ጐን አስቀመጡት። ኹለተኛው ልቡ ነው፤ የተጠበሰ ቂጣ ሽታ አለው፥ ሲዋጥ ያሞቃል እንጂ አይቧጥጥም። ሦስተኛው ከዚያ በኋላ የወረደ፥ ገና መልካም ቢኾንም በመጨረሻው የእርጥብ ገለባ ጣዕም የሚሰጥ ነው። አራተኛው ጭራው ነው። የገበያው ጸሓፊ ጭራውን ቀምሶ ፊቱን አጨፈገገና «ይህስ አረቄ የታጠበበት ውሃ ነው» አለ።

ወጣቱ ከቦርሳው ቍጥር የተጻፈበት፥ በመጠጥ ውስጥ የሚንሳፈፍ የብርጭቆ ዘንግ አወጣ። ይህ መሣሪያ የአልኮልን ብርታት ያሳያል፤ ነገር ግን የተሠራው በ20 ዲግሪ ለቀዘቀዘ ነገር ስለ ኾነ፥ ሞቅ ባለ አረቄ ውስጥ ቢገባ ከእውነተኛው የበለጠ ቍጥር ይናገራል። ስለዚህ አረቄዎቹ በቀዝቃዛ ውሃ እስኪበርዱ ተጠብቆ ተለኩ። ልቡ ከመቶ 50፥ ሦስተኛው 36፥ ጭራው 12 ኾነ። ሴትዮዋ ቍጥሩ ሳይነገራቸው አስቀድመው ሦስቱን በመዳፋቸው አሻሽተው በቅደም ተከተል አስቀምጠዋቸው ነበር። በገበያ የሚሸጠው ተራ አረቄ ከእነዚህ መደባለቅ የሚገኝ ሲኾን ብርታቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ከ30 እስከ 40 እጅ ነው፤ እንደ ገና ተፈልቶ የሚወጣው ዳግም አረቄ ግን ከ45 በላይ ይደርሳል።

ወጣቱ ከዚህ ተነሥቶ የማገዶውን ሒሳብ በደብተሩ ሠራ። ከመቶ 5 ወይም 6 እጅ አልኮል ካለው ድፍድፍ አንድ ሊትር ተራ አረቄ ለማውጣት ሰባት ሊትር ያህል ማፍላት ያስፈልጋል። የደረቀ እንጨት በኪሎ 15 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነድ እሳት ግን ከመቶው ከ10 እስከ 15 እጅ ብቻ ወደ ዕቃው ያደርሳል፥ የቀረውን ነፋስ ይወስደዋል። በዚህ ሒሳብ ለአንድ ሊትር አረቄ ኹለት ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ እንጨት ይነዳል፤ ቂጣው የተጋገረበት ሳይቈጠር ነው። ዙሪያው በጭቃ የተዘጋ፥ የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ከመቶ ከ25 እስከ 30 እጅ የሚያደርስ ስለ ኾነ ለዚያው ሊትር አንድ ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። ውሃውም እንዲሁ ነው፤ የገንዳው ውሃ ከ20 እስከ 60 ዲግሪ እስኪሞቅ ቢያገለግል ለአንድ ሊትር አረቄ 12 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ይህን የሞቀ ውሃ ማፍሰስ በእንጨት የተገዛ ሙቀት ማፍሰስ ነው።

ከዚህ ይልቅ ያስገረመው ግን የጭራው ነገር ነው። ከልቡም ከጭራውም አንድ ሊትር ለማውጣት የሚፈጀው ሙቀት ብዙ አይለያይም፤ በልቡ ሊትር ያለው አልኮል ግን ከጭራው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በሥራው መጨረሻ ላይ የሚነደው ማገዶ አብዛኛው የሚያልቀው አረቄ ለማውጣት ሳይኾን ውሃ ለማፍላት ነው።

ሽማግሌው ሹም ይህን ሰምተው «እንግዲያውስ እማማ፥ ጭራውን ለምን አይቈርጡትም?» ብለው ጠየቁ።

«ነጋዴው በጀሪካን ይገዛኛል እንጂ በብርታት አይገዛኝም፥ ወንድሜ። እኔ ቀድሜ ብቈርጥ ጀሪካኔ ይጐድላል፤ ጎረቤቴ እስከ ጭራው አውርዳ ሞልታ ትሸጣለች። እናንተ ብትኾኑ ትቈርጡ ነበር?»

መልስ የሰጣቸው አልነበረም። የገበያው ጸሓፊ ነጋዴዎቹ ብርታቱን የሚፈትኑት ጠርሙሱን ነቅንቀው አረፋውን በማየት ወይም እሳት በማስነካት ብቻ እንደ ኾነ አስረዳ፤ በዚህም ፈተና 32 እና 38 አይለዩም። የብርጭቆው ዘንግ ዋጋው ብዙ አይደለም፤ አንድ በገበያው ሚዛን ቤት ቢቀመጥና ዋጋው በብርታት ቢወሰን፥ ጭራ ማውረድ ትርፍ መኾኑ ይቀራል። ደካማውንም ጭራ ለሚቀጥለው ድፍድፍ መልሶ ማፍሰስ ይቻላል፤ ሴትዮዋ ከእናታቸው እንዲህ ሲደረግ እንዳዩ ተናገሩ፤ የተዉት ጀሪካን ከመጣ ወዲህ ነው።

የመከልከሉ ሐሳብ በዚህ አልተዘጋም። ሽማግሌው ሹም ሌላ ምክንያት ነበራቸው፤ በክረምት እህል ሲወደድ ቂጣ መብላት የሚገባው ቤተ ሰብ ቂጣውን ወደ በርሜል ይጥላል፥ የሰከረውም ባል ሚስቱን ይደበድባል፤ ይህን ምንም ሒሳብ አያቃልለውም። እውነታቸውን ነው። በሌላ በኩል የዚያ ቤት አምስት ልጆች የተማሩበት ገንዘብ ከዚሁ በርሜል የወጣ ነው፤ ከበርሜሉ የሚቀረውም አተላ በየማለዳው ከብት በሚያደልቡና ላም በሚያልቡ ሰዎች በባልዲ እየተገዛ ይሄዳል። አተላ ፕሮቲኑ የበዛ መኖ ነው፤ ነገር ግን በሚገባ ሳይበርድ መስጠት፥ ወይም አሳድሮ ከሻገተ በኋላ መስጠት ከብቱን ይጐዳል፥ ለብቻውም ሳይኾን ከገለባ ወይም ከሣር ጋር መኾን አለበት። ክልከላ ቢታወጅ የሚጠፋው በቀን የሚታየው በርሜል ነው፤ በሌሊት የሚነደው ጭሱ ስለማይታይ የራዲያተር ቧንቧውንም የሚመረምረው አይገኝም።

በዚህ ጊዜ ዐሥራ ኹለት ዓመት የሚኾነው ልጅ ጠርሙስ ይዞ ከበር ቆመ። «ለአባቴ ነው» አለ። ሴትዮዋ «አባትህ እግር አለው፤ ራሱ ይምጣ» ብለው መለሱት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 1112 ዐዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ሴትዮዋ ዐዋጁን አላነበቡትም። ሽማግሌው ሹም ልጁ መንገዱን እስኪሻገር ድረስ ሲያዩት ቈዩ።

ከቀትር በኋላ ማገዶው ተቈጠረ። ግማሹ ከእርሻ ዳር የተቈረጠ ባሕር ዛፍ፥ የቀረው ግን የደን እንጨት ነበረ፤ ሴትዮዋም አልካዱም፥ ከማን እንደ ገዙት ግን አልተናገሩም። የተዘጋው ምድጃ በዚያው ዳስ ሥር ለሙከራ እንዲሠራ፥ ጭቃና ድንጋዩን ቤቱ፥ ባለሙያውን ወረዳው እንዲያቀርብ ተስማሙ። ክልከላው ግን ለጊዜው በይደር ቀረ፤ ሽማግሌው ሹም ሐሳባቸውን አልተዉም፥ ከገበያው ሚዛን ቤት የሚገኘውን ውጤት ካዩ በኋላ እንደ ገና እንደሚያቀርቡት አስታወቁ።

ልቡ፥ ሦስተኛውና ጭራው በየጠርሙሱ ታሽጎ፥ ቍጥሩም በወረቀት ተለጥፎበት በሚቀጥለው የገበያ ቀን በነጋዴዎቹ ፊት እንዲለካ ለጸሓፊው ተሰጠው። ሴትዮዋ እስከ በር ሸኝተው ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ቈጠሩና «አረቄውን ለነጋዴ አቅምሱት፤ ጠርሙሶቼ ግን በቅዳሜ ይመለሱልኝ» አሉ።